ሚዛኔን ለወሰደው ሐኪም

ጅማ ላይ ውሻ ወይም ከብት ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ።

ባለፈው ወር ውሻችንን መቻልን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባጃጅ ገጨው። ላዩ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረበትም፤ በእግሩ ቤት ገባ። ማታ ግን ሆዱ ተነፋ፣ ድዱ እንደ ወረቀት ነጣ። መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ «አይተርፍም፣ አታንገላቱት» ብለው መለሱን።

ሁለተኛው ሐኪም ወጣት ነው። ሆዱን በመርፌ ወግቶ ደም ቀዳና በብልቃጥ አስቀመጠው፤ ቢጠበቅ ቢጠበቅ አልረጋም። ሆድ ውስጥ ፈስሶ የቆየ ደም እንደማይረጋ፣ በስህተት ደም ሥር ተወግቶ ቢሆን ኖሮ ግን ይረጋ እንደነበር ነገረኝ። የጠረጠረው ጣፊያውን ነበር።

እኔ አሁኑኑ ይቀደድ ባይ ነበርኩ። እሱ ግን «ጋሼ፣ የጎደለውን ሳንተካ ብንከፍተው እጃችን ላይ ያልፋል» አለኝ። ውሻ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ደም አለው። መቻል 22 ኪሎ ስለሆነ ሙሉ ደሙ ሁለት ሊትር አይሞላም፤ ከዚያ ላይ ስንቱ ሆዱ ውስጥ እንደፈሰሰ አስቡት። ግሉኮሱን ሰክቶ ደም የሚሰጥ ትልቅ፣ ጤነኛና የተከተበ ውሻ ፈልጉ አለን። የጎረቤታችን ጥቁር ውሻ 34 ኪሎ መዘነ። የሁለቱን ደም ቀላቅሎ መስማማቱን አየና 450 ሚሊ ሊትር ቀዳ። ከረጢቱን ቀስ እያልኩ የማወዛውዘው እኔ ነበርኩ፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው የደም ማርጊያ መከላከያ መድኃኒት ካልተዳረሰ ደሙ እዚያው ይረጋል። ለጋሹ ውሻ ሥጋውን በልቶ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ቤቱ ሄደ።

የቡና ነጋዴ ነኝና ከሁሉ የገረመኝ ሚዛኑ ነው። የሐኪሙ ሚዛን ባትሪ ስለጨረሰ የናሙና ሚዛኔን ከመጋዘን አስመጣሁ። ቀዶ ጥገናው ሲጀመር ረዳቱ ስንት ደም እንደፈሰሰ ለማወቅ ደም የጠጣውን ጎዝ እየመዘነ የደረቁን ክብደት ይቀንሳል፤ አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው። እኛ የጆንያውን ቀንሰን የተጣራውን እንደምንይዝ ማለት ነው። ሐኪሙ ወደ ጣፊያው የሚገቡትን ሥሮች አንድ በአንድ፣ በሁለት በሁለት ቦታ እያሰረ መካከሉን ቆረጠ። ወደ ጨጓራ የሚሄዱትን እንዳይነካ ሲጠነቀቅ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። በየመሀሉ «ስንት ደረሰ?» ይላል፤ ረዳቱ ቁጥሩን ይጠራል። ከለጋሹ የተቀዳው ደምም በዚያው ልክ ለመቻል ይንጠባጠብለታል።

ጣፊያው ከወጣ በኋላ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል ብሎ ሁለት ሌሊት እዚያው አሳደረው፤ እሱም አብሮት አደረ። በሦስተኛው ቀን ድዱን ተጭኖ ሲለቀው ቀይ ቀለሙ ወዲያው ሲመለስ አሳየኝና «ውሰዱት» አለን።

ስሙ እንዲወጣ አልፈለገም። የቸገረው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አድራሻውን እሰጣለሁ። ሚዛኔን ግን እስካሁን አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።