የሃይሩፍ ሞተር መብራት ሲበራ፦ ሽቦ፣ ዶንግል፣ ባለ ገመድ ስካነር ወይስ ጋራዥ?

ሃይሩፍ፣ ማለትም ጣሪያው ከፍ ያለውን የቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ፣ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች፤ ኮዱን የሚያነብልኝ የትኛውን ልግዛ?» መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ከ25 እስከ 35 ዶላር የሚያወጣ፣ ሁሉንም ፕሮቶኮል (መኪናው የሚነጋገርበትን ቋንቋ) የሚያነብ የብሉቱዝ ዶንግል ግዙ፤ ዶንግል መኪናው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ኮዱን ወደ ስልክ የሚልክ ትንሽ ዕቃ ነው። የ5 ዶላሩን አትንኩት። ዋጋ በዶላር የምጽፈው ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ስለማይረጋ ነው። ዕቃው የሚመጣው ከቻይና ወይም በዱባይ በኩል ስለሆነ በዕለቱ ምንዛሪ ማባዛት ይቀላል። ቀረጥና ትርፍ ተጨምሮ እጥፍ ቢጠየቅበት ይገባኛል፤ ሦስት እጥፍ ሲሉ ግን ወደሚቀጥለው ሱቅ ማለፍ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የበራው መብራት የትኛው እንደሆነ እዩ። በናፍጣ ሃይስ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ መብራት የሚባል አለ። መኪናው እንደተሠራለት ገበያ በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ራሱ ይበራል፤ ቺንጋ ቀይሩ ማለት እንጂ ብልሽት አይደለም። የናፍጣ ፊልትሮው ውኃ ሲይዝም የራሱ መብራት አለው። እነዚህን ሁለቱን ከቼክ ኢንጂን፣ ማለትም ከቢጫዋ የሞተር መብራት፣ ጋር አምታቶ ስካነር ፍለጋ የሚሮጥ ብዙ ነው። የፊልትሮው ከሆነ ከሥሩ ያለውን መፍቻ አላልቶ፣ በእጅ ፖምፓው እየገፉ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ማፍሰስ ነው። ወጪው ዜሮ።

የሽቦውን መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ዋጋው የአንድ ቁራጭ ሽቦ ነው። ከመሪው ሥር ያለውን ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ እዩት። የላይኛው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ነው። 4 እና 13ን በሽቦ አገናኙና ቁልፉን ኦን አድርጉ፤ ሞተሩን አታስነሱ። በአብዛኞቹ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሳያቋርጥ እኩል ቶሎ ቶሎ ካለ የተመዘገበ ኮድ የለም። ቆጥሮ ካቆመ፣ ሴኮንድ ተኩል አርፎ እንደገና ከቆጠረ፣ የመጀመሪያው ዐሥር ቤት፣ ሁለተኛው አንድ ቤት ነው። ሁለት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ ሁለት ጊዜ፦ 22፣ የውኃ ሙቀት ሴንሰር መስመር። ዲ ፎር ዲ (D-4D) በሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች 31 የአየር መለኪያው፣ 49 የነዳጅ ግፊት ሴንሰሩ፣ 78 የፖምፓው ግፊት ቁጥጥር ነው። ቀዳዳ ስትቆጥሩ ግን ተጠንቀቁ! 16 ቁጥር ቁልፍ ጠፍቶም ከባትሪ ቀጥታ ኃይል አለው። 4ን ከ16 ጋር ያገናኘ ሰው ፊውዝ ያቃጥላል፤ ሽቦውም እጁ ላይ ይግላል። የሽቦው ጉድለት ቁጥር ብቻ መስጠቱ ነው፤ ኮዱ በምን ሙቀት፣ በምን ዙር እንደተመዘገበ አይነግርም።

ወደ ዶንግሎቹ ስንመጣ፣ በየሱቁ ከ5 እስከ 10 ዶላር በሚሆን ዋጋ «ኢኤልኤም 327» ተብለው የሚሸጡት ኮፒዎች ናቸው፤ ስሙ የዋናው ቺፕ ነው። ቺፑን የሠራው የካናዳ ኩባንያ በፈረንጆቹ 2022 ሥራውን ዘግቷል። «1.5» የሚባል ስሪት ኩባንያው አውጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለ ኮፒ መሆኑን ካርቶኑ ራሱ ነግሯችኋል። «2.1» የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1.5ቱም ይብሳሉ። ትእዛዝ ይጎድላቸዋል፤ አንዳንዶቹም 7 ቁጥር እግራቸው ከውስጥ አልተያያዘም። የቆዩ መኪኖች የሚነጋገሩት በ7 ቁጥር መስመር ነው፤ አዲሶቹ በ6 እና በ14። በዚህ ምክንያት ያው ዶንግል በአዲስ መኪና ይሠራና በእናንተ ሃይስ «መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ሰውም የመኪናው ኮምፒውተር ሞቷል ብሎ ይደነግጣል። ዶንግሉ የሚደግፋቸውን ትእዛዞች የሚቆጥሩ ነጻ አፖች አሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ፣ በራሳችሁ መኪና ሞክሩት። ሻጩ እምቢ ካለ ተዉት።

ከ25 እስከ 35 ዶላር ያለው ደረጃ፣ ለምሳሌ ቪጌት አይካር ፕሮ፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። መስመሩ አይቋረጥም፣ በ7 ቁጥርም ይነጋገራል፣ ሞተር ሲጠፋ ራሱን ያስተኛል። ርካሹ ኮፒ ግን ተሰክቶ ሲረሳ 40 እና 50 ሚሊአምፔር አካባቢ ይጠጣል። በቀን አንድ አምፔር ሰዓት ገደማ ማለት ነው፤ ባትሪው የደከመ መኪና ለሳምንታት ከቆመ አይነሳም። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ የድሮው ብሉቱዝ አይገናኝላችሁም፤ ብሉቱዝ 4.0 ወይም ዋይፋይ ያለውን ጠይቁ። ቶርክ (በአንድሮይድ) ወይም ካር ስካነር የሚባለውን አፕ ጫኑ፤ የቶዮታ ፕሮፋይል ካለው እሱን ምረጡ።

ይህን ደረጃ የምመርጠው ግፊትን በቀጥታ ስለሚያሳይ ነው። የናፍጣ ሃይስ ጉልበት አጥቶ ፒ0087 ወይም ፒ1229 (በዶንግል የሚነበቡ የነዳጅ ግፊት ኮዶች) ሲመዘግብ ብዙ ጋራዥ የሚፈርደው «ፖምፓ ነው» ብሎ ነው፤ የሚያስወጣው ገንዘብም ከዶንግሉ ጋር አይወዳደርም። እናንተ ግን መጀመሪያ ፊልትሮውን ለውጡ፤ ወረቀቱ የሳሳ ኮፒ ሳይሆን ኦርጅናል። ከዚያ የነዳጅ ግፊቱን በአፑ እዩ፦ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ) 30,000 ኪሎፓስካል አካባቢ ረግቶ መቆም አለበት። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋዥቅ ከሆነና ሞተሩም ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ከፖምፓው በፊት የሚጠረጠረው ፖምፓው ላይ የተሰካው የመሳቢያ ቫልቭ ነው። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ የታፈነ መስመር ወይም ፊልትሮ ፈልጉ። የመሳቢያ ቫልቩን ኮፒ የገዛ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ሚኒሞው አይረጋም።

የአየር መለኪያው ኮድ ፒ0102 ሲመጣም «ሴንሰር ግዛ» ከማለት በፊት ሽቦውን ማየት ነው። ኮዱ ምልክቱ ዝቅ ብሏል አለ እንጂ ሴንሰሩ ሞቷል አላለም። አይጥ የበላው ሽቦና የዛገ ሶኬት ያንኑ ኮድ ይሰጣሉ። የ10 ዶላር መልቲሜትር እዚህ ከማንኛውም ስካነር ይበልጣል።

ባለ ገመዱ የእጅ ስካነር ከ20 እስከ 40 ዶላር ነው። ስልክ አይፈልግም፤ ባለቤቱ ሌላ፣ ሹፌሩ ሌላ ለሆነበት መኪና እሱ ይሻላል። ግን ስክሪኑ ትንሽ ነው፣ እየነዱ መቅዳት አይመችም፣ ያልደገፈውን መኪናም በአፕ ማስተካከል አይቻልም።

የትኛውንም ብትይዙ ኮዱን ሳትጽፉና ሲመዘገብ የነበረውን ዙርና ሙቀት ፎቶ ሳታነሱ አታጥፉት። ባትሪ ነቅሎ መብራት የሚያጠፋ ሰው ማስረጃውን አብሮ ነው የሚያጠፋው። ጥፋቱ በእውነት ከተስተካከለ መብራቱ በተከታታይ ሦስት ጉዞ ካልተደገመ ራሱ ይጠፋል። በቤንዚኑ ሃይስ ላይ ደግሞ መብራቱ እየነዳችሁ ብልጭ ድርግም ካለ ነዳጅ መስጫውን ልቀቁና ቁሙ። ሲሊንደር እያመለጠ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ማርሚታው ላይ ያለውን ካታሊስት ያቃጥላል። መጀመሪያ የሚታዩት ካንዴላና ኮይል ናቸው።

ጋራዥ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ። ወደ 1,000 ዶላር የሚያወጡት እንደ ላውንች ያሉ ማሽኖች የሚሠሩትን ዶንግል አይሠራም፦ ፖምፓ ሲቀየር ለኮምፒውተሩ አዲሱን ማስተማር፣ ባለ ኮድ ኢንጀክተር ሲገባ ኮዱን መጻፍ። ለዚህ ክፈሉ። ለንባብ ብቻ የምትከፍሉ ከሆነ ግን «ሴንሰር ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ የኮዱን ቁጥር በወረቀት አስጽፉ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኢንጀክተር የምትገዙም ራሱ ላይ የተጻፈው ረጅም የፊደልና የቁጥር ኮድ ሳይፋቅ የሚነበብ መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት እዩና ፎቶ አንሱት። ከተፋቀ በ1,000 ዶላሩ ማሽንም የሚጻፍ ነገር የለም።