አሚትራዝ፣ ዲያዚኖን፣ አይቨርሜክቲን፦ መዥገር ላይ የሞከርኳቸው

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ከብት ያለው ሰው ስለ መዥገር አይነገረውም። ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቼን ብርዱ ያግዛቸዋል፤ እኛ ቆላ ያለነው ግን ዝናቡ ጣል ባለ ቁጥር ፍዳችንን እናያለን። ስድስት ከብት አለኝ፣ ሁለቱ የሚታለቡ ናቸው።

መጀመሪያ የገዛሁት የሚረጭ የመዥገር መድኃኒት ዲያዚኖን 60 ፐርሰንት ነው። ከትልቁ ዕቃ ቀንሰው በለስላሳ ጠርሙስ ሰጡኝ። ጽሑፍ የለው፣ የሚያበቃበት ቀን የለው። "በሃይላንድ ክዳን አንዱን ለባልዲ" አሉኝ፣ አምኜ ረጨሁ። በሦስተኛው ቀን መዥገሩ እንዳለ ነው! በጣም ነው የተናደድኩት። መድኃኒቱ ሲሳሳ እኮ ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፣ ደካማውን ገድሎ ጠንካራውን ያስቀራል፣ በሺዎች እንቁላል የሚጥለውም ያ የቀረው ነው። በኋላ የታሸገውን ገዝቼ በልኩ ስረጭ ሠርቷል፣ ሽታው ግን ከባድ ነው፣ ያለ ጓንትና ማስክ እንዳትነኩት።

አሁን የምጠቀመው አሚትራዝ 12.5 ፐርሰንት ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር፣ ስለዚህ ለ20 ሊትሩ የጀርባ መርጫ 40 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ እለካለሁ፣ በክዳን መለካት ቀርቷል። በጠዋት፣ ከብቶቹን ውሃ አጠጥቼ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አድርጌ እረጫለሁ። ጀርባቸውን ማርጠብ ብቻ ዋጋ የለውም፤ መዥገሩ ያለው ጆሮ ውስጥ፣ ፍርምባ ላይ፣ ብብት ውስጥ፣ ግት ላይና ጅራት ሥር ነው። ጅራቷን አንስታችሁ ካልረጫችሁ አልረጫችሁም። እንዲህ ሳደርግ በማግስቱ መዥገሩ እየረገፈ አየሁት። ሜዳው ላይ ያለው ግን መልሶ ስለሚወጣባቸው በዝናብ ወራት መድገም ግድ ነው። ወተቱን ስንት ቀን መተው እንዳለባችሁ ደግሞ ማሸጊያው ላይ አንብቡ።

ፈረስና በቅሎ ያላችሁ፣ አሚትራዝ አታስነኳቸው። የፈረስ አንጀት እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ በሆድ ድርቀት ይገድላል። ሻጩ አልነገረኝም፣ የነገረኝ የእንስሳት ሐኪሙ ነው።

አይቨርሜክቲን መርፌ ለወይፈኖቹ አስወግቻለሁ። ለሆድ ትልም ጥሩ ነው፣ ትንንሹንና ሰማያዊውን መዥገርም ቀንሶልኛል፣ ያንን ቀለማም ትልቁን ግን እንደ ርጭቱ አላረገፈውም። ለሚታለብ ላም ደግሞ አይሆንም፣ በወተቱ ይወጣል።

በአጠቃላይ ምርጫዬ አሚትራዝ ነው፣ ከታሸገ ጠርሙስ፣ ደረሰኝ ከሚሰጥ መድኃኒት ቤት። ለላሜ ለቡሬ ግን ዘግይቷል። በዚያ በማይሠራው ርጭት ስጠብቅ መዥገሩ አንድ ጡቷን አቁስሎ አደረቀባት፣ አሁን የምትታለበው በሦስቱ ነው።