ለመጀመሪያ ረጅም ደጋን፦ ወጥ እንጨት ወይስ ፋይበርግላስ?

ከአንድ ወጥ እንጨት የተጠረበ ደጋን እጅግ ውብ ነው፤ ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። አውታሩ ሳይፈታ ካደረ ክንዶቹ ወደ ተኳሹ እንደጎበጡ ይቀሩና ጉልበቱ ይቀንሳል። አውታሩ የሚሳበው እስከ 28 ኢንች ነው ከተባለ አንድ ኢንች እንኳ አትለፉ፤ ሊሰበር ይችላል። ወደ ተኳሹ በሚዞረው ገጽ ላይ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ከታዩ እንጨቱ ውስጡ ተጨፍልቋልና መሳብ ይቁም።

ስስ የእንጨት ንብርብሮቹ ፋይበርግላስ የለበሱት ደጋን ግን እርጥበትንና ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል፤ ቅርጹንም ይጠብቃል። ለጀማሪ የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ሐሳቡ ሁሉ አሳሳቡ ላይ ይሆንለታል።

የትኛውም ቢገዛ አውታሩን 28 ኢንች ድረስ ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል ከ25 እስከ 35 ፓውንድ ቢሆን ይበቃል። 50 ፓውንድ የሚጠይቅ ደጋን የያዘ ጀማሪ ክንዱ ይንቀጠቀጥና አውታሩን አገጩ ጋ ሳያደርስ ይለቃል። ፍላጻ ሳይደግኑ አውታሩን ስቦ መልቀቅ ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ሊሰብር ይችላል።