ለአፕዴት ማዞሪያ ዲቪዲ ይሻላል ወይስ ፍላሽ? 64 ፊደል ላይ የሚቆረጠው ስም

ኢንተርኔት የሌላቸውን የቢሮ ኮምፒውተሮች አፕዴት ለምታደርጉ የድሬና የሐረር ልጆች መልሱ አጭር ነው፦ ኦሪጅናል 32 ጊጋ ፍላሽ ግዙ፣ አፕዴቶቹን የሚጠቀልለውን የዲስክ ኢሜጅ (አይኤስኦ ፋይል) ረጅም ስም በሚይዘው የዲስክ ፋይል ሲስተም በዩዲኤፍ (UDF) ሥሩ። ባዶ ዲቪዲ ርካሽ የሚመስለው ሒሳቡ እስኪሠራ ድረስ ነው።

አንድ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ይባል እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው 4.38 ነው። 32 ጊጋ ማለት ወደ 7 ዲቪዲ ነው። የድሬው ታይዋን ገበያ ወይም የሐረሩ ሸዋ በር የፍላሽ ዋጋ ሲነግሯችሁ ለ7 አካፍሉትና ከአንድ ዲቪዲ ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ በዚህ ዲቪዲው ሊያሸንፍ ይችላል። ግን ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ አዲስ ያወጣል፣ አዲሱም ያለፈውን ይተካል። ዲቪዲ አርን ደግሞ አጥፍቶ መጻፍ የለም። በወር አንድ ብትጽፉ በዓመት 12 ዲስክ ነው፤ ስለዚህ የፍላሹን ዋጋ ለ12 አካፍሉት። ላፕቶፓችሁ ማጫወቻ ከሌለው የውጭ ራይተር ዋጋም ይደመራል።

አሁን ወደ ስሙ። ከማይክሮሶፍት ካታሎግ የሚወርድ የዊንዶውስ 10 አፕዴት ስሙ ውስጥ የኬቢ (KB) ቁጥሩ፣ ማለትም የአፕዴቱ ቁጥር፣ እና ፋይሉ አለመበላሸቱ የሚመሳከርበት 40 ፊደል የሻ1 (SHA-1) መለያ ስላለ በድምሩ 70 ፊደል ይሆናል። የዶትኔት (.NET) አፕዴት ሲሆን 76 ይደርሳል። ጆሊዬት (Joliet) የሚባለው የዲስክ ስም አሰጣጥ የሚፈቅደው 64 ነው፤ የጥንቱ የዲስክ ፋይል ሲስተም አይኤስኦ 9660 ደግሞ በደረጃ 1 ስምንት ፊደልና ሦስት ቅጥያ፣ በደረጃ 2 ደግሞ 31 ብቻ። የሚቆረጠው ከመለያው ጭራ ነው። ፋይሉ በእጅ ሲከፈት ሊሠራ ይችላል፤ ሙሉ ስሙን የሚጠራው ስክሪፕት ግን "ፋይሉ የለም" ብሎ ይቆማል። መለያውን በዊንዶውሱ ሰርትዩቲል (certutil) ትእዛዝ ማመሳከርም አበቃ። ሊኑክስ ላይ በሮክ ሪጅ (የሊኑክስ ረጅም ስም መያዣ) የተሠራ ኢሜጅማ ይባስ ያሳስታል፤ እዚያ ስሙ ሙሉ ነው፣ ዊንዶውስ ግን ሮክ ሪጅን አያነብም።

ዩዲኤፍ 254 የላቲን ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ለሚሰይሙ 127 ነው፣ ያም ይበቃል። ኢምግበርን (ImgBurn) የሚባለው ፕሮግራም ላይ ኢሜጅ መሥሪያውን ከፍታችሁ ከፋይል ሲስተሙ ዝርዝር ዩዲኤፍን ብቻ፣ እትሙን 1.02 ምረጡ። "ለማንኛውም" ብላችሁ ጆሊዬትንም አብራችሁ ብትመርጡ ያው የ64 ማስጠንቀቂያ ተመልሶ ይመጣል።

የፍላሹ ፎርማት ፋት32 (FAT32) ከሆነ 4 ጊጋ የሞላ ኢሜጅ አይቀበልም፤ ኤክስፋት (exFAT) አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በላይ ኢሜጁን በሁለት ክሊክ ይከፍታል፣ ለዊንዶውስ 7 ግን ሰባት ዚፕ (7-Zip) የሚባለው ፕሮግራም ያስፈልጋል። ስታወጡት አጭር ስም ያለው ፎልደር ሲ ላይ ይሁን፤ መንገዱ (የፎልደሮቹና የፋይሉ ስም በአንድ ላይ) ከ260 ፊደል ካለፈ ኮፒው ይሰናከላል። ከየቢሮው የሚለጠፈው የሾርትከት ቫይረስ ፎልደሮችን ቢደብቅም፣ የተከፈተ ኢሜጅ ለንባብ ብቻ ስለሆነ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች አይነካም።

የፍላሹ ጣጣ ፎርጅዱ ነው። በትንሽ ብር "2 ቴራ" የሚባለውን አትንኩት። መጠኑን የሚዋሸው ውስጡ ያለው ቺፕ ነው፤ ከእውነተኛው ቦታ ያለፈው ኮፒ የተደረገ ይመስላል፣ ሲከፈት ግን ብልሹ ነው። 32 የተባለውም ይፈተሽ፦ ኤች2ቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባለው መፈተሻ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ ያነባል፤ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢጽፍ መጻፉ ብቻ 53 ደቂቃ ገደማ ነው። ሻጭ ያን ያህል አይታገስምና፣ ከከሸፈ እንደሚቀይር ሳትከፍሉ ተስማሙ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ቅናሽ ቢያደርግም አይገዛም።

ዲቪዲ የሚቀረው ፍላሽ መሰካት ለተከለከለባቸው ቢሮዎች ነው። እዚያም ዩዲኤፍ ይሁን፣ በ16 ፈንታ በ8 ፍጥነት ይጻፍ፣ ከተጻፈ በኋላም ማረጋገጫው (ቬሪፋይ) አይዘለል። የድሬ ፀሐይ የሚያገኘው የመኪና ዳሽቦርድ ላይም አይቀመጥ።