ባለ 400 አምፔር የዲሲ ክላምፕ ሜትር፦ ከ11 ወር በኋላ

16 አምፔር። ይህን ግምገማ የምጽፈው በዚህች ቁጥር ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት ህዳር ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው፣ ከባክሆዬ (ከመቆፈሪያ ማሽኔ) ኮፈን ሥር በክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ገመድ ሳይነቀል በመንጋጋው ይዞ ኩረንት በሚለካ ዕቃ ላይ አየኋት። ሦስት ባለሙያ፣ አንድ አዲስ ባትሪ፣ አንድ የተጠገነ ሞተሪኖ (ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው) እና አራት አዲስ ግሎው ፕላግ (ሲሊንደሩን የሚያሞቁት) ያልነገሩኝን በ10 ሰከንድ ነገረችኝ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በህዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ የማሽን መስታወት በካርቶን እየፋቅን ነው የምንጀምረው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው በሚፈጠረው ሙቀት ናፍጣው ይቀጣጠላል። እኛ ጋ አየሩ የሳሳ ነው፣ ብረቱም ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ያንን ሙቀት ይጠጣዋል። ስለዚህ ቁልፉ ሲከፈት ግሎው ፕላጎቹ ግለው ሲሊንደሩን ካላሞቁት ሞተሪኖው ዝም ብሎ ያሽከረክራል፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

የእኔ ማሽን ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ 12 ቮልት ባክሆ ሎደር ነው። በሰዓት አከራየዋለሁ፤ ቤተሰቤ የሚኖረው በእሱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት አልነሳ እያለ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲሞቀው ብቻ የሚነሳ ሆነ። እስከዚያ አሸዋ ጫኝ መኪኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ኃላፊው ይደውላል፣ እኔ ሰበብ እደረድራለሁ። ኦፕሬተሬ «ጋሼ፣ ትንሽ ኤተር ልንፋበት» ብሎ ለመነኝ፤ ቶሎ የሚቀጣጠል ማስነሻ ስፕሬይ ነው። ከለከልኩት፤ አሁንም እከለክላለሁ። የጋለ ግሎው ፕላግ ባለበት ሞተር ላይ ኤተር ከተነፋ ያለጊዜው ይፈነዳል። ፒስተን ይሰብራል፣ የነፋውንም ሰው ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ባለሙያ ባትሪ ነው አለ። አዲስ ገዛሁ፤ አራት ቀን ሠራ። አዲስ ባትሪ ረዘም አድርጎ ስለሚያሽከረክር የተሻለ መስሎን ነበር። ሁለተኛው ሞተሪኖውን አወረደና ካርቦኑን ቀየረ። ሞተሪኖው በእርግጥ ተጎድቶ ነበር፤ ግን የጎዳው ያ ሁሉ ማሽከርከር ነው፣ በሽታው እሱ አልነበረም። ሦስተኛው ግሎው ፕላጎቹን አራቱንም ቀየረና ገመዱን ከፕላጉ ነቅሎ በቴስተር ለካ፤ 12.3 ቮልት። «መብራት በደንብ ይደርሳል ጋሼ» አለኝ። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው የማሞቂያ አምፖልም በየጠዋቱ በርታ በሰዓቷ ትጠፋ ነበር። ያቺ አምፖል የምትከተለው ሰዓት ቆጣሪውን ነው፤ ፕላጉ ይጋል አይጋል የምታውቀው ነገር የለም። እኔ ግን ስንት ጠዋት አመንኳት።

ክላምፕ ሜትር ልግዛ ያልኩት ያኔ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሻጭ ጋ የቀረኝ ሙግት አለ። መርካቶ ወርጄ ለማሽን ባትሪ ገመድ የሚሆን እንደምፈልግ በግልጽ ተናገርኩ። «ሁሉም አንድ ነው፣ ይኼ ርካሹ ነው» ብሎ ሰጠኝ። አንድ አይደለም! የሸጠልኝ ኤሲ ብቻ፣ ማለትም አቅጣጫው የሚለዋወጠውን የቤት መብራት ኩረንት ብቻ የሚለካ ነበር። የኤሲው መንጋጋ የሚሠራው እንደ ትራንስፎርመር ነው፤ ኩረንቱ ካልተለዋወጠ ምንም አይሰማም። የባትሪ ኩረንት ቀጥ ያለ ዲሲ ነው። ገመዱን ሳስገባበት ዜሮ አለኝ። እኔም መስመሩ ተቆርጧል ብዬ ግማሽ ቀን ገመድ ስፈታ ዋልኩ። ወንድሜ፣ ያ ዜሮ ውሸት ነበር፤ አንተ ከመሸጥህ በፊት ልታውቀው ይገባ ነበር። መንጋጋው ውስጥ ቀጥተኛ ኩረንት የሚሰማ ሴንሰር ያለው ዲሲ ሌላ ዕቃ ነው። በ6,500 ብር ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፤ ዋጋው ያኔ በጣም ከብዶኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ፕላጎቹ የሚሄደውን ዋና ገመድ በመንጋጋው ያዝኩና ኦፕሬተሬን «ክፈት» አልኩት። እንደዚህ ያለ ሞተር አራት ፕላግ ገና ሲጀምር ከ60 አምፔር በላይ መሳብ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ፕላጎቹ ሲግሉ ወደ 40ዎቹ መውረድ ነበረበት። እኔ ያየሁት 16 ነው፤ እዚያው ቆመ። ከዚያ አንድ በአንድ ያዝኳቸው፦ 4፣ 4፣ 4፣ 4።

ይህን ሳይ ሳቄ መጣ፤ ገባኝ። አንድ ፕላግ ሞቶ ቢሆን እሱ ዜሮ፣ ሌሎቹ ሙሉ ይሆኑ ነበር። አራቱም እኩል ከደከሙ ግን ጥፋቱ አራቱም የሚጠጡበት አንድ ምንጭ ላይ ነው። ሪሌው (ለፕላጎቹ ኩረንቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማብሪያ)፣ ወይም ከሪሌው የሚመጣው ገመድ። ገመዱን ሳልነቅል ፕላጉ ላይ ቮልት ለካሁ፤ 2.6። ያ ባለሙያ 12.3 ያገኘው ነቅሎ ስለለካ ነው። ቴስተር የሚስበው ኩረንት እዚህ ግባ ስለማይባል በአንዲት የገመድ ክርም ቢሆን ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ጭነት ሲመጣ ግን ያቺ ክር ታንቃለች። የሪሌውን መግቢያና መውጫ ለካሁ፤ ጤነኛ ነው። ገመዱን በእጄ እየዳሰስኩ ስሄድ ከሪሌው የሚወጣው ጫፍ ጣቴን አቃጠለኝ። ፕላስቲኩን ሰንጥቄ ሳየው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ከፕላጎቹ ይልቅ እሱ ነበር በየጠዋቱ የሚሞቀው።

አዲስ ወፍራም ገመድ ከተጨመቀ ጫፍ ጋር አሠራሁ። ድጋሚ ስለካ 68 አምፔር ተነስቶ ወደ 44 ወረደ። ሞተሩ በመጀመሪያው ማሽከርከር ተነሳ። የዚያን ቀን ደስታዬን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ስለ ዕቃው ራሱ የምለው ጥቂት ነው። ከመለካት በፊት ሁልጊዜ ዜሮ የሚያደርገውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፣ አለዚያ ባዶውን 1 ወይም 2 አምፔር ያሳያል። ገመዱን ለብቻው ነው መያዝ ያለባችሁ፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ አንድ ላይ ከተያዙ አንዱ የሌላውን ንባብ ያጠፋዋል። የሚያስከፋኝ አንድ ነገር ሞተሪኖውን አለመቻሉ ነው። ሞተሪኖ ሲነሳ የሚስበው ከ400 ስለሚያልፍ ስክሪኑ ከአቅም በላይ ነው ይላል። ለዚያ ከ1,000 አምፔር ጀምሮ ያለውን መግዛት ነበረብኝ፤ ገንዘብ ሳገኝ እገዛለሁ። የቀረው ቮልት፣ ኦም፣ ምናምን ይሠራል፤ ብዙ አልነካውም።

ስሙን አልጽፍም፤ ተመሳሳይ የሚያመርቱ ብዙ ናቸው። እናንተ ማየት ያለባችሁ ማዞሪያው ላይ ኤ ከምትለው የአምፔር ፊደል አጠገብ ያለውን ምልክት ነው። የተጠማዘዘች መስመር ብቻ ካለች ለቤት መብራት ነው፣ ተዉት። ቀጥ ያለች መስመርና ከሥሯ የተቆራረጡ ነጥቦች ካሉ የእኛ ነው። ሻጩን ሱቁ በር ላይ የቆመ መኪና ካለ ኮፈኑን አስከፍታችሁ መብራቱን አብርታችሁ የባትሪውን ገመድ እንዲለካ ጠይቁት። እምቢ ካለ ውጡ።

ጥር ላይ ሦስተኛው ፕላግ ዜሮ አለ። ድሮ ቢሆን አራቱንም እቀይር ነበር፤ አንዱን ብቻ ቀየርኩ።

ዛሬ ጥቅምት 2018 ነው፤ ብርዱ ተመልሷል። ጠዋት ኦፕሬተሬ እኔ ሳልደርስ ራሱ ለክቶ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ 66 ተነስቶ 43 ላይ ቆመ፤ አስነሳሁት።» ከስልኩ ጀርባ የሞተሩ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።