አርዱዊኖ ኡኖ፣ ኢኤስፒ32 እና ፒኮ በቆጋ መስኖ ማሳ ላይ

ባለፈው በጋ መራዊ አጠገብ፣ የቆጋ ግድብ ውኃ በሚደርሰው የአጎቴ የድንች ማሳ ላይ፣ የአፈሩን እርጥበት እየለካ በስልክ የሚያሳውቅ አነስተኛ መሣሪያ ለመሥራት ስነሣ ሦስት የማይክሮኮንትሮለር ቦርዶችን (ኮድ ተጭኖባቸው ሴንሰርን የመሰለ መሣሪያ የሚቆጣጠሩ ትንንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን) ተራ በተራ ሞክሬያለሁ። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነውና ውኃው የሚዳረሰው በተራ ነው፤ ተራው ሲደርስ ሥሩ አካባቢ ያለው አፈር ደርቆ እንደሆነ ማወቅ ለገበሬው ቀላል ጉዳይ አይደለም።

መጀመሪያ የያዝሁት አርዱዊኖ ኡኖን ነው። የአርዱዊኖ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሪያ ከተማ ለተማሪዎች ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፣ ይህ ዓላማው በኡኖ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። በ5 ቮልት ይሠራል፣ የጀማሪን ስሕተት ይታገሣል፤ ዋናው ቺፕ በሶኬት ላይ የተቀመጠበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቺፑ ቢቃጠል ነቅሎ በሌላ መተካት ይቻላል። ለትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ቦርድ አላውቅም። ለማሳ ግን እኔ የያዝሁት ዓይነት ዋይፋይ የለውም፤ ምንም ሳይሠራ እንኳ ወደ 50 ሚሊአምፔር ስለሚስብ ባትሪውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሳል።

ኢኤስፒ32 ዋይፋይና ብሉቱዝ አብረውት የተሠሩ፣ እስከ 240 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ባለ ሁለት ኮር ቺፕ ነው። ከሁሉም በላይ የደከምሁት በእርሱ ነው፤ የወደድሁትም እርሱን ነው። የእርጥበት ሴንሰሩን ፒን 25 ላይ (ፒን ማለት ሽቦ የሚገናኝበት የቦርዱ እግር ነው) አገናኝቼ ስፈትሸው ንባቡ ልክ ነበር፤ ዋይፋዩን ባበራሁ ጊዜ ግን ቁጥሩ ትርጉም አጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ስቀያይር ከቆየሁ በኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ፦ ቺፑ ከሴንሰር የሚመጣውን ቮልት ወደ ቁጥር የሚለውጡ ሁለት የአናሎግ መለኪያ ክፍሎች አሉት፣ ሁለተኛውን ክፍል ዋይፋዩ ስለሚጠቀምበት በዚያ ክፍል ሥር ያሉት ፒኖች ዋይፋይ ሲበራ አያነቡም። ሽቦውን ወደ ፒን 34 ሳዛውረው ችግሩ ወዲያው ተወገደ። ከዚያ በኋላ አጎቴ አፈሩን በእጃቸው ጨብጠው «ይህ ገና ነው»፣ «ይህስ ጠምቶታል» ሲሉኝ፣ ሴንሰሩ በዚያው ቦታ ያነበበውን ቁጥር እየጻፍሁ ልኬቱን በእርሳቸው እጅ አስተካከልሁት።

በኢኤስፒ32 ላይ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፒኖቹ የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፤ ለኡኖ የተገዛ ባለ 5 ቮልት ሴንሰር በቀጥታ ከተገናኘ ቺፑን ሊያበላሽ ይችላል። ቺፑ በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ 10 ማይክሮአምፔር ገደማ ብቻ እንደሚወስድ ቢነገርለትም፣ ቦርዱ ላይ ያለው የኃይል መብራትና የዩኤስቢ ቺፕ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበላሉ። እኔ መብራቱን በመበየጃ ካውያ አንሥቼ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ነቅቶ ልኬቱን በማሳው ዳር ወዳለው ቤት ራውተር ልኮ እንዲተኛ አድርጌዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ራስበሪ ፓይ ፒኮ 264 ኪሎባይት ራም ያለው፣ በማይክሮፓይተን (ለእንዲህ ዓይነት ቦርዶች በተዘጋጀው የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ) ኮድ ለመጻፍ እጅግ የሚመች ቦርድ ነው፤ የመጀመሪያው ፒኮ ዋይፋይ ስለሌለው ግን ለዚህ ሥራ አልመረጥሁትም። ፒኖቹ ሳይበየዱ የሚሸጡ ስላሉም ካውያ ለሌለው ሰው አስቀድሞ ማጣራት ይጠቅማል።

የምትገዙት የትኛውንም ቢሆን፣ ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሳይሆን ዳታም የሚያስተላልፍ መሆኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ ፈትሹ፤ ኮድ አልጫንም ብለው ወደ እኔ ከመጡ ቦርዶች የበዙት ጤነኞች ነበሩ።