ድሬና ሐረር ጥርሳችሁን ያመማችሁ፣ ራጅ የሌለበት «ርካሽ ሩት ካናል» እንዳትገቡበት

ድሬዎችም ሐረሮችም እባካችሁ ይሄን አንብቡት፣ በተለይ ጥርሱን እያመመው በማስታገሻና በቅርንፉድ እያለፈ ያለ ሰው። «ሩት ካናል ከነሙሌቱ፣ ቁጭ ብለሽ ትጨርሻለሽ፣ ከሌላው ቦታ በግማሽ ዋጋ» ተብላ ታናሽ እህቴ ገብታበት የከፈለችበት ነገር ሩት ካናል (የጥርሱን ስር ውስጡን አጽድቶ መሙላት) እንዳልነበረ ያወቅነው ፊቷ ካበጠ በኋላ ነው። የቦታውን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ግን አሰራራቸውን ልንገራችሁ፣ ሌላ ቦታም ካጋጠማችሁ እንድትለዩት።

የታች መንጋጋዋ ነው። ማደንዘዣ ወጓት፣ ቦረቦሩት፣ የሆነ መድኃኒት ውስጡ አደረጉና ከላይ ሞልተው «ነርቩ ሞቷል፣ አለቀ» ብለው ሸኟት። ሳይጀመር ራጅ የለም፣ ካለቀ በኋላም የለም። ህመሙ የእውነት ጠፋላትና ሁላችንም ደስ አለን፣ በኋላ ግን ድዷ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ወጥቶ መግል መፍሰስ ጀመረ፣ ቀጥሎ ጉንጯ አበጠ፣ ተመልሳ ስትሄድ «ትንሽ ኢንፌክሽን ነው» ብለው አሞክሳሲሊን ጻፉላት፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ኪኒኑ ሲያልቅ እንደገና መጣ። ሌላ ሐኪም ጋ ሄዳ ራጅ ስትነሳ ነው ጉዱ የታየው፣ ሙሌቱ ከላይ ብቻ ነው፣ ካናሎቹ (ስሩ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቦዮች) ሳይጸዱ እንዳሉ ናቸው፣ ስሩ ጫፍ ጋ ደግሞ አጥንቱ ተበልቶ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ነገርየው እንዲህ ነው። ጥርስ መሃሉ ላይ ነርቭና የደም ስር ያለበት ለስላሳ ክፍል አለ፣ የተቦረቦረው ቦታ እዛ ሲደርስ ባክቴሪያ ይገባል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ህመሙ ቶሎ አይለቅም፣ ማታ ጋደም ሲሉ ይብሳል፣ ከዛ አንድ ቀን ዝም ይላል። ያኔ ነው ሰው ተሻለኝ ብሎ የሚተወው፣ ነርቩ ሞቶ እኮ ነው ዝም ያለው! ባክቴሪያው ግን ውስጥ እየተራባ በስሩ ጫፍ በኩል ወጥቶ አጥንት ውስጥ መግል ይቋጥራል። አንቲባዮቲክ ብቻውን የማያድነውም ለዚህ ነው፣ ኪኒን የሚደርሰው ደም በሚደርስበት ነው፣ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም የለም። ስለዚ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን እየገዛችሁ ወር ከወር የምትገፉ ሰዎች እብጠቱን እያስታገሳችሁ ነው እንጂ ምንጩ ቁጭ ብሏል።

ትክክለኛው ሩት ካናል እያንዳንዱን ካናል እስከ ስሩ ጫፍ ድረስ ፋይል በሚባሉ መርፌ የመሰሉ ቀጫጭን መሞረጃዎች ማጽዳት ነው። የፊት ጥርስ ብዙ ጊዜ አንድ ካናል ነው ያለው፣ መንጋጋ ግን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት፣ እና ስንት እንደሆነና ርዝመቱ እስከየት እንደሆነ በዓይን አይታይም፣ ራጅ የሚያስፈልገው ለዛ ነው። ፋይል ያልደረሰበትን ደግሞ የበረኪና ዘር በሆነ ፈሳሽ ደጋግመው ያጥባሉ፣ ፈሳሹ ጉሮሮ እንዳይገባ ምራቅም ወደ ጥርሱ እንዳይገባ ጥርሱን በላስቲክ ይሸፍኑታል፣ በመጨረሻ ጉታ ፐርቻ በሚባል ጎማ መሳይ ነገር ይሞሉትና እንደገና ራጅ ያነሳሉ። በአንድ ቀን መጨረስ በራሱ ችግር የለውም፣ ጥሩ ሐኪምም በአንድ ቀጠሮ ይጨርሳል፣ ግን ባለሦስት ካናል መንጋጋ ቡና በሚፈላበት ጊዜ አያልቅም። ነርቭ የሚገድል መድኃኒት አስቀምጦ መድፈን ብቻውን ህክምና አይደለም፣ ህመሙን ነው የሚያጠፋው።

ሌላው ሰው የሚሸወድበት ክራውን ነው፣ ጥርሱን ከላይ የሚሸፍነው ቆብ ማለት ነው። የተነገራችሁ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ክራውንን አይጨምርም፣ መንጋጋ ደግሞ ከሩት ካናል በኋላ ካልተሸፈነ ሥጋ ወይ ቆሎ ስትበሉ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ እስከ ስሩ ከተሰነጠቀ መንቀል ነው ያለው፣ የከፈላችሁት በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጡ «ስንት ካናል ነው፣ በፊትና በኋላ ራጅ ታነሱልኛላችሁ ወይ፣ ክራውኑ ሲጨመር ጠቅላላ ስንት ነው» ብላችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የራጁን ፊልም ውሰዱ ወይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ውጡ፣ ነውር የለውም። ለሙሉው ብር ካልሞላላችሁም በግማሽ ዋጋ ግማሽ ሥራ ከምታሠሩ ማስነቀል ይሻላል፣ ጥርስ ማጣት ያሳዝናል ግን ቢያንስ ኢንፌክሽኑ ምንጩ ይወጣል።

ከሠሩላችሁ በኋላ ለጥቂት ቀን ሲነክሱበት ትንሽ ማመም ያለ ነው፣ አትደንግጡ። እብጠቱ ወደ አንገት ወይ ወደ ዓይን ከሄደ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ትኩሳት ካለው ግን ሌላ ነገር ነው፣ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል፣ በተለይ ስኳር ያለባቸው እናት አባት ካሏችሁ ንገሯቸው፣ እነሱ ላይ ቶሎ ይስፋፋል። እንዲህ ከሆነ እስኪነጋ ሳትሉ፣ የጥርስ ክሊኒክ ሳትፈልጉ፣ ድሬ ከሆናችሁ ድልጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ሲወስዱት የነበረውን ኪኒን ከነካርቶኑ ይዛችሁ።